እንደ ማሽላ እያረረ የሚስቅ ፊት፦ ጆከር መልኩን ከየት አመጣ?

ጥቁርና ነጭ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ማታ «የሚስቀው ሰው» የሚባለውን ፊልም ለሦስተኛ ጊዜ አየሁት። የ1928 ፊልም ነው፤ ድምፅ አልባ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ፊልሙ ካለቀ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ውስጤ ያለውን እዚህ ልዘርግፈው። ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

የባትማን ጠላት የሆነውን ጆከርን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ነጭ ፊት፣ አረንጓዴ ጸጉር፣ ወደ ጆሮ የሸሸ ቀይ አፍ። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1940 ጸደይ በወጣው «ባትማን» ቁጥር 1 ኮሚክ (በሥዕል የሚነገር ታሪክ መጽሐፍ) ላይ ነው። 64 ገጽ፣ ዋጋው 10 የአሜሪካ ሳንቲም። ያ ፊት ግን ከዚያ 12 ዓመት ቀድሞ ሲኒማ ቤት ውስጥ ታይቷል። ኮንራድ ቫይት የሚባል ጀርመናዊ ተዋናይ ፊት ነው። የፊልሙን አንድ ፎቶ ፈልጉና ከመጀመሪያዎቹ የጆከር ሥዕሎች ጎን አስቀምጡት። ወደ ኋላ የተበጠረ ጸጉር፣ የጎደጎደ ጉንጭ፣ ጥርስ ብቻ የሆነ አፍ። እኔ መጀመሪያ ሳየው ደንግጫለሁ።

ታሪኩን ላላያችሁት። መነሻው ቪክቶር ሁጎ በ1869 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። አገሩ እንግሊዝ ነው። ንጉሥ ጄምስ ሁለተኛ ያመፀበትን አንድ መኳንንት ይቀጣል። ቅጣቱ በአባትየው አያበቃም። ትንሽ ልጁን ለኮምፕራቺኮስ ይሰጡታል። ኮምፕራቺኮስ ሁጎ ከስፓኒሽ ቃላት የገጣጠመው ስም ነው፤ «ልጅ ገዢዎች» እንደ ማለት። ልጅ ይገዛሉ፣ አካሉን ያበላሻሉ፣ ከዚያ ለትርኢት ይሸጣሉ። የዚህን ልጅ አፍ ቀደዱት። ፊቱ ዕድሜውን ሙሉ እንዲስቅ አደረጉት። ስሙ ግዊንፕሌን ነው።

ልጁ በረዶ ላይ ተጥሎ ሲንከራተት የሞተች እናት ያቀፈቻት ሕፃን ያገኛል። ዴያ ትባላለች፤ ዓይነ ስውር ናት። ሁለቱንም ኡርሱስ የሚባል በጋሪ የሚዞር ፈላስፋ ያሳድጋቸዋል። ግዊንፕሌን ሲያድግ መድረክ ላይ ይወጣል። ሕዝቡ ገንዘብ ከፍሎ ፊቱን ያያል፤ እያየም ይንፈራፈራል በሳቅ። ከዴያ በቀር ፊቱን ሳያይ የሚያውቀው ሰው የለም።

እኛ ጋ «ማሽላ እያረረ ይስቃል» ይባላል። ምጣድ ላይ ሲቆላ ያየ ያውቀዋል። እሳቱ ሲጠናበት ነው ፈንድቶ ነጭ ጥርሱን የሚያሳየው። ለዚህ ፊልም ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁለትም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። በመጀመሪያው የጆከር ታሪክ ጆከር በሬዲዮ ገብቶ ማንን በስንት ሰዓት እንደሚገድል ይናገራል። ሰውየው በተባለው ሰዓት ይሞታል። ሬሳው ፊት ላይ ሳቅ ተጋግሮ ይቀራል። መርዙ ነው እንደዚያ የሚያደርገው። ልብ በሉ እንግዲህ። በግድ ሳቅ የተቀረጸበት ልጅ ፊት ተወሰደ፤ ተወስዶም በሰው ፊት ላይ በግድ ሳቅ ለሚቀርጽ ነፍሰ ገዳይ ተሰጠ። የጆከር ፊቱ የግዊንፕሌን ነው፣ እጁ ግን የኮምፕራቺኮስ ነው። ይህን ሳስብ ያመኛል። ግዊንፕሌን በታሪኩ ውስጥ አንድም ሰው አልገደለም እኮ።

እናንተስ እንዴት ታዩታላችሁ?

የአራዳ ልጅ 77

ሰላም ወንድሜ። ጽሑፍህ ደስ ይላል፤ ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። ጆከር እኮ ካርታ ነው! ስሙ ራሱ ይናገራል። ሰፈር ውስጥ ኮንከር የተጫወተ ሁሉ ያን ሥዕል ያውቀዋል። የሚስቅ አጫዋች፣ የፈለግከው ካርታ ቦታ የሚገባ። ይህን ሳላውቅ ያደግኩበት ቀን የለም። ስለዚህ ሥዕሉን የሠሩት ልጆች ካርታ አይተው ሣሉት፤ በቃ። ፊልሙ የት ገባ? ሁለት ሰው አፉን ከፍቶ ከሳቀ ይመሳሰላል። ኢንተርኔት ላይ «ይህ ከዚያ የተወሰደ ነው» የሚል ነገር በዝቷል፤ ግማሹ ግምት ነው። ማስረጃ ካለህ ግን እሰማለሁ።

ሰዓሊት

የአራዳ ልጅ፣ ስለ ካርታው እውነትህን ነው። ማስረጃ ላልከው ግን እኔ ልመልስልህ፤ ይህን ጉዳይ ለዓመታት ተከታትዬዋለሁ።

ሦስት ሰዎች አሉ። ቦብ ኬን፣ ቢል ፊንገር እና ጄሪ ሮቢንሰን። ኬን በባትማን ላይ ስሙ የሚጻፍለት ሠዓሊ ነው። ፊንገር ታሪኩን የሚጽፈው ነው። ሮቢንሰን ሃያ ዓመት ያልሞላው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ለኬን እየሣለ ይከፈለው ነበር። ሮቢንሰን እንደሚለው ለባትማን የሚመጥን ጠላት ሲያስብ የጆከር ካርታ ትዝ አለው። ቤተሰቡ ውስጥ ብሪጅ የሚባለው የካርታ ጨዋታ ጎበዞች ስለነበሩ ካርታ ከቤታቸው አይጠፋም። ሣለው። ያ ሥዕል ዛሬም አለ።

ሮቢንሰን ሥዕሉን ሲያሳይ ፊንገር ወዲያው ኮንራድ ቫይትን አስታወሰ፤ የፊልሙንም ፎቶ አመጣ። ይህ የሮቢንሰን አነጋገር ነው።

ኬን ደግሞ በ1994 ቃለ መጠይቅ ላይ ሮቢንሰንን አስተባብሏል። ጆከርን የፈጠርነው እኔና ፊንገር ነን፤ ሮቢንሰን ያመጣው ካርታ ብቻ ነው ብሏል። ግን ያው ኬን ራሱ ፊንገር የቫይት ፎቶ ያለበት መጽሐፍ ይዞ መጥቶ «ይኸውልህ ጆከር» እንዳለው ተናግሯል።

ወንድሜ፣ ሁለት ሰዎች እስከ ዕለተ ሞታቸው በአንድ ነገር ተጣልተዋል። ሮቢንሰን ራሱን ይላል፣ ኬን ራሱን ይላል። በቫይት ፎቶ ላይ ግን ሁለቱም አንድ ቃል ናቸው። ከዚህ በላይ ምስክር ከየት ይምጣልህ? ፊንገር ራሱ ሌላም ነገር ጨምሯል። በኒው ዮርክ ኮኒ አይላንድ የመዝናኛ ሥፍራ መለያ የነበረውን የሚስቅ ፊትም አንስቷል። እሱም አፉ እስከ ጆሮው ነው።

ስለዚህ ስሙና ሐሳቡ ከካርታ፣ ፊቱ ከፊልም። እኔ የምረዳው እንደዚህ ነው።

የአራዳ ልጅ 77

እሺ እህቴ፣ ተረታሁ። የኬንና የሮቢንሰን ቃል መግጠሙን አላውቅም ነበር። ግን ካርታው ላይ አለቅም! ካርታ ባይኖር ፊንገርም ፎቶውን አያመጣም ነበር።

ጥቁርና ነጭ

ሰዓሊት አመሰግናለሁ፤ ጥሩ አድርገሽ አስቀመጥሽው። ስለ ፊንገር አንድ ነገር ልጨምር፤ ሳልናገር ካለፍኩ ይቆጨኛል። ይህ ሰው በ1974 ሞተ። ባትማንን ከኬን ጋር አብሮ እንደፈጠረ ስሙ በይፋ እንዲጻፍለት የተወሰነው በ2015 ነው። ከሞተ 41 ዓመት በኋላ ማለት ነው! ያን ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠው እጅ የእሱ ነው። ዛሬ ጆከርን አይቶ የሚደነግጥ ሰው ሁሉ ለፊንገር ዕዳ አለበት።

ለሮቢንሰንም ፍትሕ እንስጥ። እሱ በ1975 ሱፐርማንን የፈጠሩት ሲግልና ሹስተር ስማቸው እንዲመለስና ጡረታ እንዲያገኙ ከኮሚክ ሠዓሊው ኒል አዳምስ ጋር ሆኖ የተሟገተ ሰው ነው። ስም መነጠቅ ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር።

ጥርስ ሠሪው

ጤና ይስጥልኝ ልጆች። እኔ ፊልም ብዙ አላውቅም፤ ሥራዬ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው፤ 26 ዓመት ሠርቼበታለሁ። ልጄ ይህን ክር አሳየችኝ፤ ከዚያ ፊልሙን አብረን አየነው። ከሙያዬ አንጻር ልናገር።

ሰውየው አፍ ውስጥ የገባው ተራ ጥርስ አይደለም። ሰው ሠራሽ ጥርሱ ላይ መንጠቆ አለበት፤ መንጠቆው የከንፈሩን ጥግና ጥግ ይዞ ወደ ኋላ ይስበዋል። ሜካፑን የሠራው ጃክ ፒርስ መሆኑን አነበብኩ። ይህ ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ የፍራንከንስታይንን ጭራቅ ፊት የሠራው ነው። እጁ የተባረከ ባለሙያ ነው። ሕመሙ ግን የተዋናዩ ነው። ጥርስ ስለካ አንድ ሰው አፉን ለአምስት ደቂቃ እንዲለጥጥ ካደረግኩት ጉንጩ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ምራቅ አይዋጥም። ከንፈር ይደርቃል። ይህ ሰው እንደዚያ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ካሜራ ፊት ቆሟል።

ሌላው ነገር ይህ ነው። አሁኑኑ ሞክሩት። ሁለቱን የከንፈራችሁን ጥግ በጣታችሁ ወደ ጆሮ ጎትቱና «መ» በሉ። «በ» በሉ። «ፐ» በሉ። አይወጣም! ከንፈር ካልገጠመ እነዚህ ፊደሎች የሉም። «እማማ» ማለት አይቻልም። ቫይት ያን ነገር አፉ ውስጥ አድርጎ መናገር አይችልም ነበር ይባላል፤ እኔ እንደ ባለሙያ እውነት ነው እላለሁ።

ስለዚህ ይህ ፊት መኖር የሚችለው ንግግር በሌለው ፊልም ውስጥ ብቻ ነው። በድምፅ ፊልም ቢሆን ኖሮ ወይ መንጠቆውን ያወጡታል ወይ ሰውየውን ዝም ያሰኙታል።

ሰዓሊት

ጋሼ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ቁጭ ብዬ «መ» ለማለት ሞከርኩ፤ እውነትም አይወጣም። ለዓመታት ይህን ፊልም ሳስተምርበት ይህ ነገር አንድም ቀን አልታየኝም።

ያሉት ነገር ከጊዜው ጋር ይገጥማል። ንግግር ያለበት የመጀመሪያው ታዋቂ ረጅም ፊልም ጥቅምት 1927 ላይ ወጣ። «የሚስቀው ሰው» የተመረቀው ሚያዝያ 1928 ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። ሙዚቃና የሕዝብ ጫጫታ ተቀድቶለታል እንጂ ተዋናዮቹ አይናገሩም። በሩ ሊዘጋ ሲል ሾልኮ የገባ ፊልም ነው።

አሁን እንደ ሠዓሊ ልናገር። ፊንገር ፊልሙን ይዞ አልመጣም። ያመጣው ፎቶ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፊልሙን ስታዩ ቫይት ሁልጊዜ አፉን ይሸፍናል። በእጅጌው፣ በጨርቅ፣ ባገኘው ነገር። የፊቱ ታችኛው ክፍል ይጠፋና ዓይኑ ብቻውን ይቀራል። ዓይኑ ያለቅሳል፣ ይፈራል፣ ያፍራል፣ ይወዳል። አፉ ተቆልፎበታልና ሰውየው ሙሉ ትወናውን በዓይኑና በቅንድቡ ነው የተወነው። ፎቶ ላይ ግን ይህ እንቅስቃሴ የለም። ፎቶው የሚይዘው በጣም ጎልቶ የሚታየውን ነው፤ ማለትም ጥርሱን። ለዚያውም ለማስታወቂያ የሚመረጠው ፎቶ አፉ የተሸፈነበት አይደለም።

ስለዚህ ጥቁርና ነጭ፣ «ተወስዶ ለነፍሰ ገዳይ ተሰጠ» ያልከው ነገር ክፋት አይመስለኝም። ፎቶው ራሱ ነው የለወጠው። የግዊንፕሌንን ታሪክ የማያውቅ ሰው ያን ፎቶ ብቻ ቢያይ የሚያየው እብድ ነው።

ሌላም አለ። ኮሚክ በዚያ ዘመን የሚታተመው በርካሽ ወረቀት ላይ ነው፤ ቀለሙ በነጠብጣብ። ረቂቅ ጥላ መሥራት አይቻልም። የሚሠራው ጥቁር መስመርና ባዶ ነጭ ነው። ነጭ ፊት ማለት ቀለም ያልነካው ወረቀት ማለት ነው። የጀርመን ድምፅ አልባ ፊልሞች ደግሞ ቀድሞውኑ በጥቁርና በነጭ መካከል ነው ያደጉት። ቫይት በ1920 «የዶክተር ካሊጋሪ ካቢኔ» ላይ በእንቅልፉ የሚሄደውን ሰው ሲሠራ ነጭ ፊት፣ ጥቁር የተኳለ ዓይን፣ ቀጭን ጥቁር ልብስ ነበረው። ግድግዳው ላይ ያለው ጥላ ሳይቀር በቀለም የተቀባ ነው። እንዲህ ያለ ፊት ወደ ኮሚክ ሲገባ ምንም አይጎድልበትም። በቀለም ብዕር የተሣለ ያህል ነው።

አረንጓዴው ጸጉርና ቀዩ ከንፈር ግን ከፊልሙ ሊመጣ አይችልም፤ ፊልሙ ቀለም የለውም። እሱን ለካርታውና ለሰርከሱ እንስጠው። የአራዳ ልጅ፣ ይኸው ድርሻህ።

አንድ ነገር ሞክሩ። ፊልሙን አንድ ቦታ አቁሙና የቫይትን አፍ በእጃችሁ ሸፍኑ። ከዚያ እጃችሁን ከፍ አድርጉና ዓይኑን ሸፍኑ። ያያችሁትን እዚህ ጻፉልኝ።

የሜሪላንዷ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ይህን ፊልም በትልቅ ሲኒማ ቤት አይቼዋለሁ። እዚህ ሜሪላንድ አንድ ሲኒማ ቤት ድምፅ አልባ ፊልም ሲያሳይ አንዳንዴ ሙዚቀኛ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይጫወትለታል። ባለቤቴ ነው የጎተተኝ፤ እኔ የሃይማኖት ፊልም መስሎኝ ነበር የሄድኩት።

ግዊንፕሌን መጀመሪያ ፊቱን ሲገልጥ ከኋላዬ የተቀመጡ ልጆች ሳቁ። ክፋት የላቸውም። ልክ በፊልሙ ውስጥ ያለው የገበያው ሕዝብ እንደሚስቀው ሳቁ። እኔም ከንፈሬ ሊሳብ ነበር፤ እውነቱን ልናገር። ሳቅ ይጋባል። መጨረሻ ላይ ግዊንፕሌን የአባቱን ማዕረግ ተሰጥቶት መኳንንቱ ምክር ቤት ይገባል። እዚያ ያሉት ትልልቅ ሰዎች ፊቱን አይተው ይስቁበታል። እሱም ይቆምና ንጉሥ አጫዋች አደረገኝ፣ ንግሥት መኳንንት አደረገችኝ፣ ከሁሉ በፊት ግን እግዚአብሔር ሰው አድርጎ ፈጥሮኛል ይላቸዋል። ያኔ ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ማንም አልሳቀም። ልጆቹም ዝም። የሙዚቀኛው እጅ ብቻ ነበር የሚሰማው።

እኔ ጆከርን የማውቀው በልጆቼ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ቲሸርታቸው ላይ ያለውን ፊት ሳየው ዴያ ትዝ ትለኛለች። በጣቷ ፊቱን ስትዳስሰው። እጇን ለመጀመሪያ ጊዜ አፉ ላይ ስታደርግ ይሸሻታል ብዬ ፈርቼ ነበር።

አዲስ አንባቢ

ሰላም፤ ክሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ይህ ቫይት የሚባለው ሰው ግን ማን ነው? «ካዛብላንካ» ላይ ያለው የናዚ መኮንን ይመስለኛል፤ ተሳስቼ ይሆን?

ጥቁርና ነጭ

አልተሳሳትክም፤ ራሱ ነው። ሻለቃ ስትራሰር። ስለዚህ ሰው ስትጠይቀኝ ደስ አለኝ።

በ1893 በርሊን ተወለደ። ካሊጋሪ ዝነኛ አደረገው። ጆን ባሪሞር የሚባለው ትልቅ አሜሪካዊ ተዋናይ አብሮት እንዲሠራ ስለፈለገው ሆሊዉድ ሄደ። ዩኒቨርሳል የሚባለው የፊልም ኩባንያ የሁጎን መጽሐፍ ሲያስብ መጀመሪያ በአእምሮው የነበረው ሎን ቼኒ ነው። ቼኒ «የኖትርዳሙ ጎባጣ»ን እና «የኦፔራው መንፈስ»ን የሠራ ነው። እሱ ሳይሆን ሲቀር ዕድሉ ለቫይት ደረሰ። ዳይሬክተሩ ፖል ሌኒም ጀርመናዊ ነው፤ ከሥዕልና ከመድረክ ንድፍ ሥራ የመጣ። ሌኒ በዓመቱ በ1929 በደም መመረዝ ሞተ። ብዙ ሊሠራ የሚችል ሰው ነበር።

ቫይት የድምፅ ፊልም ሲመጣ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ያዙ። የፊልም ባለሙያዎች ዘራቸውን እንዲሞሉ ቅጽ ተሰጣቸው። የቫይት ሚስት አይሁዳዊት ናት፤ እሱ ግን አይደለም። ቅጹ ላይ «አይሁዳዊ» ብሎ ሞላ። አስቡት እስቲ! ሰው ከዚያ ቅጽ ለማምለጥ ያለ የሌለውን ያደርግ በነበረ ጊዜ እሱ በገዛ እጁ ስሙን አስገባ። ከዚያ ሚስቱን ይዞ ወደ እንግሊዝ ሄደ፤ ዜግነቱንም ቀየረ። በጦርነቱ ጊዜ ሆሊዉድ ናዚ ሆኖ እንዲሠራ ጠየቀው። ሠራ። በ1943 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ጎልፍ ሲጫወት ልቡ ቆመ። 50 ዓመቱ ነበር።

ጆከር ከወጣ በኋላ ሦስት ዓመት ኖሯል ማለት ነው። ያን 10 ሳንቲም ኮሚክ አይቶት ይሆን? ይህን ሁልጊዜ አስባለሁ።

የአራዳ ልጅ 77

ቅጹ ላይ ያደረገውን ሳነብ ሰውነቴን ወረረኝ። ይህን ሰው «ክፉ መልክ ያለው ተዋናይ» ብዬ ነበር የማውቀው።

እኔ ባትማንን መጀመሪያ ያየሁት ሰፈር ቪዲዮ ቤት ነው፤ የ1989ኙን። አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን። የጃክ ኒኮልሰን ጆከር ሲስቅ ቤቱ በሙሉ አብሮት ይስቅ ነበር። እዚያ ኬሚካል ውስጥ ወድቆ ነው ፊቱ የሚበላሸው። ያ ታሪክ ከ1951 ኮሚክ የመጣ መሆኑን ቆይቼ ነው ያወቅኩት፤ የጻፈውም ያው ፊንገር ነው። የ2008ቱ ሂዝ ሌጀር ግን ሌላ ነው። አፉ በስለት ተቀድዶ የተሰፋ ነው። ይህን ክር እስካነብ ድረስ አዲስ ሐሳብ ይመስለኝ ነበር። ለካ ወደ ግዊንፕሌን መመለሱ ነው! ለዚያውም ጠባሳውን ማን እንዳደረገበት ሁለት የተለያየ ታሪክ ይናገራል። አንዱ ላይ አባቱ ነው ስለቱን የያዘው።

ሰዓሊት

ልክ ነህ፤ እያደር ወደ ምንጩ ነው የተጠጉት። በ1988 «ገዳዩ ቀልድ» የሚባለውን የጆከር ኮሚክ የሣለው ብራያን ቦላንድ ፊልሙን አይቶት እንደነበር፣ ሲሥልም በአእምሮው እንደነበር ተናግሯል። በእሱ ሥዕል ላይ ጆከር ከኬሚካሉ ወጥቶ ጭንቅላቱን ይዞ የሚስቅበትን ገጽ እዩት። ዓይኑ አብሮ አይስቅም። ከ1940 ጀምሮ የጠፋው ዓይን እዚያ ተመለሰ እላለሁ። በ2005 ደግሞ አንድ የጆከር ኮሚክ ርዕሱን እንዳለ «የሚስቀው ሰው» ብሎ ወጣ። የ2019ኙ የቶድ ፊሊፕስ «ጆከር» ፊልምም ይህን አባት አልካደም። እዚያ ያለው ሰው ሳቁን ማቆም አይችልም፤ በሽታ ነው፤ ሲስቅ እያነቀው ነው።

የቲም በርተን የ1992 የባትማን ፊልም ላይ ያለው ፔንግዊን የሚባለው ጠላት ኮፍያው፣ ኮቱ፣ አካሄዱ የዶክተር ካሊጋሪ ነው። እዚያው ፊልም ላይ ያለው ሀብታም ነጋዴ ማክስ ሽሬክ ይባላል። ይህ የ1922ቱን ቫምፓየር «ኖስፌራቱ»ን የሠራው ተዋናይ ስም ነው። የባትማን ከተማ ጎተም በድምፅ አልባ ፊልም ሰዎች የተሞላች ናት። ባትማን ራሱ እንኳ አለበት፤ ኬን በ1920 ዳግላስ ፌርባንክስ የሠራውን «ዞሮ» የሚባል ጭምብል ለባሽ ጀግና እንደ አንድ ምንጩ ጠቅሷል።

ጥርስ ሠሪው

ልጆች፣ አንድ ጥያቄ። ይህ ጆከር መጀመሪያውኑ ብዙ ጊዜ እንዲኖር ታስቦ ነበር?

ጥቁርና ነጭ

አልነበረም ጋሼ። በዚያው ቁጥር 1 መጽሐፍ ሁለተኛው ታሪኩ መጨረሻ ላይ በገዛ ጩቤው ተወግቶ እንዲሞት ነበር የተጻፈው። አርታኢው ዊትኒ ኤልስዎርዝ ይህን ሰው መግደል አይገባም አለ። ስለዚህ በችኮላ መጨረሻው ላይ አንድ ሥዕል ተጨመረ፤ ሐኪሙ «ሕይወቱ አላለፈችም» የሚልበት። ያ አንድ ካሬ ሥዕል ባይኖር ይህን ክርም አንከፍትም ነበር።

መጨረሻ ላይ ላለመርሳት፦ ፊልሙን የት እናገኘዋለን ብላችሁ በውስጥ መስመር የጻፋችሁልኝ አላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ የባለቤትነት መብቱ ጊዜ ስላበቃ በነፃ ይገኛል። ከተቻለ የታደሰውን ቅጂ እዩት፤ የደበዘዘው ላይ የዓይኑ ነገር ይጠፋል። የመጽሐፉን መጨረሻ የምታውቁ ካላችሁ ግን ፊልሙ ላይ አትጠብቁት። ሁጎ ሁለቱንም ይገድላቸዋል። ሆሊዉድ በመርከብ አብሮ አሻግሯቸዋል። እኔ እንኳን አሻገራቸው ባይ ነኝ።

የአራዳ ልጅ 77

አየሁት። ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው አሁን።

ሰዓሊት ያልሽውን አደረግኩ። የመረጥኩት ከመድረክ ጀርባ ያለውን ቦታ ነው። ሌላው ቀልደኛ ፊቱን እየጠረገ ነው፤ ቀለሙን። ግዊንፕሌንን ያየውና አንተ ዕድለኛ ነህ፣ ሳቅህን መጥረግ የለብህም ይለዋል። ቀልድ መስሎት ነው። እዚያ ላይ አቆምኩት።

አፉን ስሸፍን የማውቀውን ሰው አየሁ። ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ሰፈራችን ውስጥ ሁሉም የሚቀልድበት ሰው ነበር፤ ልጅ ሆነን እኛም ስንከተለው። እንደዚያ ነበር የሚያየን። ዓይኑን ስሸፍን ቪዲዮ ቤቱን አስታወሰኝ፤ ያው ጆከር ነው። ሁለት ጊዜ ደጋገምኩት። ሁለት ሰው ነው አንድ ፊት ላይ።

ካርታውን ግን አሁንም አልተውም። ካሊጋሪን ቅዳሜ አየዋለሁ፤ ሰዓሊት፣ ምን ልይ ከማየቴ በፊት?

ሰዓሊት

ቅዳሜ ከማየትህ በፊት ምንም አታንብብ። መብራቱን አጥፋ። ቫይት ሳጥኑ ውስጥ ዓይኑን ቀስ ብሎ የሚገልጥበት ቦታ አለ፤ እዚያ ጋ ስልክህን አትንካ።